የስቅለት ዕለቱ ሁለተኛ አጋማሽ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኳስ የምናይበት ቤት አለ። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድ የኮሜንታተሩ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፤ ጨዋታውን በዓይን ብቻ ነው የምንከታተለው። ባለፈው ዓመት የሊጉ መክፈቻ ሰሞን ጨዋታው አልቆ ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ብለን ስናወራ፣ ወሬው እንደተለመደው አንድ ሙሉ የሊግ ዓመት ሳይሸነፍ ወደጨረሰው ወደ ድሮው አርሰናል ዞረ። እኔና እኩዮቼ ስለ ሄንሪ፣ ስለ ቪዬራ፣ ስለ ቤርካምፕ ስንቀባበል ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ገና ሃያ ያልሞላው ልጅ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለኝ። "ይህን ቡድን ሁሌ ታነሱታላችሁ። ግን እኮ 12 ጊዜ አቻ ወጥቷል። ሲቲ 100 ነጥብ ሰብስቧል፣ ሊቨርፑል 99። የእናንተ 90 ነው። ትልቅ ያሰኘው ምኑ ነው?"

ልጁ ራሱ የአርሰናል ደጋፊ ነው። የጠየቀኝ ሊያበሽቀኝ አልነበረም፤ ታላላቆቹ የሚምሉበትን ቡድን ከልቡ ሊረዳው ፈልጎ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003/04 የውድድር ዘመን አርሰናል ከ38 ጨዋታ 26ቱን አሸንፎ በ12ቱ አቻ ወጥቷል፤ 73 አግብቶ 26 ተቆጥሮበታል። ማንቸስተር ሲቲ በ2017/18 ሁለት ጊዜ ተሸንፎም 100 ነጥብ ደርሷል። "አልተሸነፈማ!" ማለት ይቻላል፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰውም ያንኑ አለው። ዝናቡ አባርቶ ስንወጣ ግን ጥያቄው ልጁ ፊት ላይ እንዳለ ነበር። እኔም ይዤው ቤቴ ገባሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ይመጣብኛል፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ይመጣብኛል። እውነት፣ አለመሸነፍ ብቻውን ምንድን ነው? ፈሪም እኮ ላይሸነፍ ይችላል።

ያንን ቡድን ለምን ይህን ያህል እንደምወደው ራሴን በጠየቅሁ ቁጥር የምደርሰው አንድ ቀን ላይ ነው። ጨዋታውን ያላየሁበት ቀን።

ስቅለትና ጁምዓ

ሚያዝያ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በዚያ ዓመት የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ ገጥሞ ስለነበር ስቅለቱም በአንድ ቀን ዋለ። እንግሊዞች በስቅለት ኳስ ይጫወታሉ። እኛ ዘንድ የስግደት ቀን ነው፤ አባቴ ደግሞ በሰሙነ ሕማማት እንኳን ኳስ ማየት ስለ ኳስ ሲወራ መስማትም አይወድም ነበር።

ሳምንቱ ለቡድኑ ክፉ ነበር። ቅዳሜ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድ በፖል ስኮልስ ጎል 1 ለ 0 አሰናበተው። ማክሰኞ ማታ ደግሞ በቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ፣ በገዛ ሜዳው፣ ቼልሲ 2 ለ 1 ረታው፤ ዌይን ብሪጅ ያቺን ጎል ያስቆጠራት 87ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ሦስት ዋንጫ ያልም የነበረ ቡድን በአራት ቀን ውስጥ አንድ ብቻ ቀረው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የሰፈራችን የማንቸስተርና የቼልሲ ደጋፊዎች "ገና ሊጉንም ትጥሉታላችሁ" ይሉን ጀመር። እኔም ልቤ ፈርቶ ነበር። ዓርብ ወደ አርሰናል ሜዳ፣ ወደ ሃይበሪ፣ የሚመጣው ሊቨርፑል ነው።

ከእኛ ጋር አጥር የሚጋራ ጓደኛ ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። ሙስሊም ነው። እናቶቻችን ቡና ይጠራራሉ። በረመዳን የማፍጠሪያው ሾርባ ወደ እኛ ይሻገራል፤ በፋሲካ ደግሞ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚሆነውን ዶሮ ሙስሊም ያርደውና እናቴ በሌላ ድስት ትሠራዋለች። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። ለዚያች ዓርብ የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ እኔ መድኃኔዓለም ስሰግድ እውላለሁ፤ እሱ ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ስለ ሁለታችን ያያል።

የስቅለት ስግደት ሰውን ከሌላው ሐሳብ ያላቅቃል። ግቢው በነጭ ነጠላ ተሞልቶ፣ ኪርያላይሶን እየተደጋገመ፣ ጉልበት እየዛለ ግንባር መሬት ሲነካ፣ ኳስ የሚባለው ነገር ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ዋለ። ትዝ ያለኝ ማምሻውን ካህናቱ ጀርባችንን በወይራ ጠብጥበው ካሰናበቱን በኋላ ነው። ከበሩ ማዶ ጓደኛዬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። ፊቱን ባነበው ምንም የለም።

"ስንት ለስንት?" አልኩት።

"መጀመሪያ ቤት ግባና ውሃ ቅመስ። ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ውለህ መንገድ ላይ አልነግርህም።"

"ተሸነፍን?"

"አብሽር፣ ግባ።"

ቀማምሼ ስወጣ ደጃፋችን ደረጃ ላይ ቆርኪ ደርድሮ ጠበቀኝ። የኮካው ለእኛ፣ የሚሪንዳው ለሊቨርፑል። ውጤቱን አስቀድሞ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀመረ። የሊቨርፑሉ ሂፒያ ገና በ5ኛው ደቂቃ አገባ። ሄንሪ 31ኛው ላይ አቻ አደረገ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ፣ 42ኛው ላይ፣ ማይክል ኦወን። "2 ለ 1 ሲመሩን እረፍት ወጡ" አለኝ። "ከእኛ ደጋፊ ግማሹ ያኔ ተነስቶ ሄደ።"

"አንተስ?"

"የት እሄዳለሁ? ለአንተ ምን ልበልህ?"

የፒሬስን የ49ኛ ደቂቃ ጎል ባጭሩ አለፋት። የቸኮለው ወደምትቀጥለው ነበር። አንዱን የኮካ ቆርኪ ደረጃው መሐል አስቀመጠና በሌባ ጣቱ ጫን አለው። "ሄንሪ ይኸውልህ። ሃማን ፊቱ አለ።" ቆርኪው ሸተት ሲል አንዱ ሚሪንዳ ከኋላው ቀረ። "ካራገር መጣ።" ቆርኪው ታጠፈ። "ካራገር የሚይዘው ጠፋው፤ ሄዶ ከራሱ ሰው ከቢስካን ጋር ተላተመ።" ሁለቱን ሚሪንዳዎች አጋጭቶ አሳየኝ። "አሁን ግብ ጠባቂው ዱዴክ ብቻ ነው የቀረው" ሲል ጣቱ ረጋ አለ። ቆርኪውን አልወረወረውም፤ እየገፋ ደረጃው ጠርዝ ድረስ አደረሰውና ለቀቀው። 50ኛው ደቂቃ። ከፒሬስ ጎል በኋላ ሊቨርፑሎች ትንፋሻቸውን እንኳ አልሰበሰቡም ነበር። 78ኛው ላይ ሄንሪ ሦስተኛውን ጨመረና 4 ለ 2 አለቀ።

እኔ ያቺን የሄንሪን ጎል ደግመህ አሳየኝ እለዋለሁ፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ይዞታል። "የገረመኝ ምን መሰለህ" አለኝ። "በሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሸንፈው፣ አሁንም እየተመሩ፣ ከእረፍት ሲመለሱ አንዱ በአንዱ ላይ አልጮኸም። ኳሷን ብቻ ነው የፈለጉት።"

ከዓመታት በኋላ ጨዋታውን በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ጎሎቹን ሁሉም ሰው ስለሚያውቃቸው የተከታተልኩት በመካከሉ ያለውን ነው፤ የተቀማ ኳስ፣ የተሳሳተ ቅብብል፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚሄድበት። ጓደኛዬ እንዳለው ነው።

የአፍ ወለምታ?

ያ እርጋታ ከየት መጣ? እኔ የማስበው ከመልበሻ ክፍሉ 15 ደቂቃ አይደለም፤ ከዓመት ተኩል በፊት ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 የአርሰናል አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር ቡድኑ የውድድር ዘመኑን ሳይሸነፍ ሊጨርስ እንደሚችል ለጋዜጠኞች ተናገረ። እንግሊዝ ሳቀበት። በቀጣዩ ወር የ16 ዓመቱ ዌይን ሩኒ ለኤቨርተን ባገባት ጎል ቡድኑ ተሸነፈ፤ የዓመቱን ዋንጫም ማንቸስተር ዩናይትድ ወሰደው። ንግግሩን ቲሸርት ላይ አትመው የተሳለቁበትም ነበሩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያኔ ብዙዎቹ ቬንገርን ያዩት እንደዚያ ነው።

እኔ ወለምታ አልነበረም እላለሁ። ለእሱ የሚቀርበው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ነው። ቬንገር ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ዋንጫውን ካጡ በኋላ ተጫዋቾቹን ምን እንደነካቸው ሲጠይቃቸው "ያንተ ንግግር ነው የከበደን" አሉት። እሱም ያልኩት እንደምትችሉ ስለማምን ነው አላቸው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። የተሳቀበት መሪ ማምለጫ አያጣም፤ "እንዲያ ማለቴ አልነበረም" ማለት ይችላል፣ ወይም "እኔ ብዬ ነበር፣ እነሱ ናቸው ያቃታቸው" ብሎ ጥፋቱን ወደ ልጆቹ መግፋት ይችላል። ቬንገር ሁለቱንም አላደረገም። ሳቁን ለብቻው ተሸከመ፤ እምነቱን ከተጫዋቾቹ ላይ አላነሳም። በዚያው ክረምት ለአዲስ ስታዲየም ገንዘብ ይፈለግ ስለነበር ገበያ ላይም ብዙ አልወጣም። ወዲያው ቋሚ ሆኖ የገባው አዲስ ሰው ግብ ጠባቂው የንስ ሌማን ብቻ ነበር፤ እሱም 38ቱንም ጨዋታ ቆመ። የቀሩት ከነሩኒ ጎላቸው፣ ከነሽንፈታቸው እነዚያው ናቸው።

ሰው የሚያይበት ዓይኑም የተለየ ነበር። ሄንሪ ከጁቬንቱስ ሲመጣ የመስመር ተጫዋች ነበር፤ መጀመሪያ ጎል እምቢ አለችው፣ ቬንገር ግን ከፊት አላነሳውም፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ብቻ 30 አገባ። ካሜሩናዊው ሎረን አማካይ ነበር፣ የቀኝ ተከላካይ አደረገው። ኮሎ ቱሬ ከአይቮሪኮስት ሲመጣ የት እንደሚሰለፍ እንኳ በቅጡ አይታወቅም ነበር፤ ከሶል ካምቤል ጎን አቆመውና ያንን የማይደፈር የኋላ መስመር አገኘን።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማነሳው የቶኒ አዳምስን ነገር ነው። ቬንገር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 ከጃፓን፣ ከናጎያ ግራምፐስ ሲመጣ፣ የለንደን ጋዜጣ "አርሰን ማነው?" ብሎ ጻፈበት። የቡድኑ አምበል አዳምስ ደግሞ ገና በቀደመው ወር የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናግሮ ነበር። አገር የማያውቀው፣ እንግሊዝኛው የሌላ አገር ቅላጼ ያለው አዲስ አሰልጣኝ ነው። የአምበልነቱን ጨርቅ ከአዳምስ ክንድ ፈትቶ ለሌላ ቢያስር ማንም አይወቅሰውም ነበር። አልነካውም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1998 አርሰናል ኤቨርተንን 4 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያረጋግጥ አራተኛውን ጎል ያገባው አዳምስ ነው፤ ስቲቭ ቦልድ ከመሐል ከፍ አድርጎ ላከለት፣ መሐል ተከላካዩ ብቻውን ገብቶ በግራ እግሩ መታት። አዳምስ እጁን ዘርግቶ ሲቆም ፊቱ ላይ የነበረውን ያየ ሰው ስለ መሪነት ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

አዳምስ በ2002 ጫማውን ሲሰቅል ጨርቁ ለፓትሪክ ቪዬራ ተላለፈ። ዳካር የተወለደ፣ ሚላን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የነበረ፣ በቬንገር ፍላጎት በ20 ዓመቱ ለንደን የገባ ልጅ። ስድስት ዓመት ከአዳምስ ጋር ተጫውቷል። አምበል የሆነው ያንን ሁሉ ካየ በኋላ ነው።

ቬንገር በእረፍት ሰዓት የሚጮህ አሰልጣኝ እንዳልነበረ ተጫዋቾቹ ደጋግመው ተናግረዋል፤ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ልጆቹ ትንፋሻቸው ሲመለስ ጥቂት ነገር ይናገራል። በስቅለቱ ዕለት ከዚያ ክፍል የወጡት ሰዎች ደግሞ ጩኸት የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም። ቪዬራ አለ፣ ካምቤል አለ፣ ሌማን አለ፣ ጅልቤርቶ አለ፣ ቤርካምፕ አለ። እያንዳንዳቸው ሌላ ቡድን ውስጥ ቢሆኑ አምበል የሚሆኑ ናቸው። ቬንገር ምን እንደሚፈልግ ከዓመት በፊት ነግሯቸዋል፤ አገር ሲስቅበትም አይተዋል። እኔ እንደማምነው፣ ያን ቀን ለመልስ የወጡት ለሰውዬው ቃል ነው።

አሥራ ሁለቱ አቻ

ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። የእሱ ሐሳብ አቻው የቡድኑ ጉድለት ነው የሚል ነው። እኔ ደግሞ የዚያ ቡድን ትልቅነት ያለው እዚያው አቻዎቹ ውስጥ ነው ወደማለቱ እያዘነበልኩ ነው።

በ26ቱ ድል አርሰናል ከተጋጣሚው የተሻለ ነበር፤ የተሻለ ቡድን ማሸነፉ አያስገርምም። ልጁ የጠቀሳቸው ሲቲና ሊቨርፑልም በዚህ ቢበልጡት አይክፋን፤ ነጥብ ቁጥር ነው፣ እነሱ የበለጠ ሰብስበዋል። በ12ቱ አቻ ግን አርሰናል ወይ ደክሞታል፣ ወይ ተጫዋች ጎድሎበታል፣ ወይ ተጋጣሚው በልጦታል። እነዚያ ቀኖች ለሌላ ቡድን የሽንፈት ቀኖች ናቸው። የማንቸስተር ዩናይትድን ሜዳ ኦልድ ትራፎርድን እንውሰድ፤ መስከረም 10 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ እሑድ። ቪዬራ በሁለተኛ ቢጫ ከሜዳ ወጥቷል፣ 0 ለ 0 ነው፣ ሰዓቱ አልቋል፣ ለማንቸስተር ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ቫን ኒስትሮይ መታት፣ አግዳሚውን ነክታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የእኛው ተከላካይ ማርቲን ኪዮን በሰውዬው ራስ ላይ እየዘለለ ያደረገውን እኔ አልወደውም፤ ክለቡም 175,000 ፓውንድ ተቀጥቶበታል፣ አራት ተጫዋቾችም ታግደዋል። ደጋፊዎቻችን ያንን ፎቶ እንደ ጀግንነት ሲለጥፉት ደስ አይለኝም። የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፤ አምበላቸው ወጥቶ በአሥር ሰው ያቺን ነጥብ ጥርሳቸውን ነክሰው የያዙበትን ደቂቃዎች።

ዕድል አልነበረም አልልም። አግዳሚው ዕድል ነው። በመስከረም መጀመሪያ ሃይበሪ ላይ ከፖርትስማውዝ ጋር 1 ለ 1 ሲወጡ ፒሬስ ያገኛትን ፍጹም ቅጣት ምትም ዳኛው ሌላ ቢሆን ባልሰጣት። ዕድል ግን 38 ሳምንት ሙሉ አይሠራም።

ከስቅለቱ ጨዋታ ሁለት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ እሑድ፣ ኒውካስል ሜዳ ላይ 0 ለ 0 ወጡ። ጓደኛዬ ለእሱ ከተሠራው ድስት እኛ ቤት ከበላ በኋላ አብረን ሄድን፤ ጾሙም ተፈቷል፣ አባቴም አልከለከለኝም። ያን ቀን ከቤቱ ስንወጣ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ከ4 ለ 2 በኋላ ባዶ ለባዶ ምን ይባላል? አሁን ሳስበው ያቺም ነጥብ ከስቅለቱ ድል አታንስም። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራተኛ ጨዋታቸው ነበር። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሊድስን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ሄንሪ ብቻውን አራት አገባ።

ለልጁ ላሳየው የምፈልገው ግን ከዋንጫው በኋላ የመጣውን ነው። ሚያዝያ 17 ቀን አርሰናል በቶተንሃም ሜዳ፣ በዋይት ሃርት ሌን፣ 2 ለ 2 ወጥቶ ዋንጫውን አረጋገጠ፤ ቼልሲ በዚያው ቀን ኒውካስል ላይ ተሸንፎ ስለነበር አቻው በቂ ነበር። አራት ጨዋታ ቀርቷል። ዋንጫ የጨበጠ ሰው ከዚያ በኋላ እግሩ ይዝላል፤ የትኛውም ቡድን ላይ ያየነው ነው። ከበርሚንግሃም 0 ለ 0። ፖርትስማውዝ ሜዳ ላይ ያኩቡ አገባባቸው፣ በጥር የመጣው ሬየስ አቻ አደረገ። ፉልሃም ላይ ራሱ ሬየስ አንዷን አገባ። የመጨረሻው ግንቦት 7 ቀን፣ ሃይበሪ ላይ፣ አስቀድሞ ከወረደው ሌስተር ጋር ነው። እዚያም ፖል ዲኮቭ፣ አርሰናል ቤት ያደገ ልጅ፣ አገባባቸውና 1 ለ 0 እየተመሩ እረፍት ወጡ።

እንደገና እየተመሩ እረፍት። ዋንጫው በእጃቸው ነው፣ ቢሸነፉ ከመደርደሪያው ላይ ማንም አያወርደውም። ከእረፍት መልስ ሄንሪ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ ቀጥሎ ቤርካምፕ በተከላካዮቹ መሐል አሾልኮ የሰጠውን ኳስ አምበሉ ቪዬራ ግብ ጠባቂውን አልፎ አስገባት። ያ ዓመት የተዘጋው በአምበሉ ጎል ነው። ማንም ያላስገደዳቸውን ነገር ለመጨረስ ሮጡ። ለልጁ ብነግረው የምወደው ይህን ነው፤ 90 ነጥቡን ለሲቲና ለሊቨርፑል እተውለታለሁ።

ቪዬራ ሲሄድ

ያ ዘመን መቼ እንዳበቃ እኔና ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሱ አሁን ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፤ ስልክ ስንደዋወል ከልጆችና ከሥራ ወሬ በኋላ እዚያው ላይ እንደርሳለን።

እሱ ጥቅምት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው ይላል። 49 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣው ቡድን ኦልድ ትራፎርድ ላይ 2 ለ 0 የተሸነፈበት ቀን። የመጀመሪያዋ ፍጹም ቅጣት ምት ልክ እንዳልነበረች ሁለታችንም እንስማማለን። ሁለተኛውን ያገባው ዌይን ሩኒ ነው፤ በ2002 የቬንገርን ንግግር ያስሳቀበት ያው ልጅ፣ በልደቱ ዕለት።

እኔ ግን የአንድ ቀን ሽንፈት ዘመን አይዘጋም ባይ ነኝ። በስቅለቱ ሳምንትም ሁለቴ ተሸንፈው ተነስተዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ካርዲፍ ላይ፣ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ከዚያው ከማንቸስተር ጋር 0 ለ 0 ወጥተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄዱ ሌማን የስኮልስን አዳነ፤ የመጨረሻዋን ወሳኝ ምት ቪዬራ አስቆጠረ። ያቺ ለአርሰናል የመታት የመጨረሻ ኳስ ሆነች። በዚያው ክረምት ለቱሪኑ ጁቬንቱስ ተሸጠ። ዘመኑ የተዘጋው ያኔ ነው። ከአዳምስ ወደ ቪዬራ የሄደው ጨርቅ ስድስት ዓመት ተዘጋጅቶለት ነው የሄደው። ከቪዬራ ወደ ሄንሪ የሄደው ግን ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ሄንሪን ከእኔ በላይ የሚወድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ጎል የሚጠበቅበት ሰው ከኋላው ያለውን ሁሉ እንዲሰበስብ መጠበቅ ከባድ ነው። ቬንገር እስከ ለቀቀበት እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ኤፍኤ ካፑን አነሳ፤ የሊጉን ዋንጫ ግን ዳግመኛ አላገኘውም።

"ቤት የጀመረ ሰው በሬውን ይሸጣል" ይለኛል ጓደኛዬ። ስታዲየሙን ማለቱ ነው፤ አዲሱ ሜዳ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከፍቷል፣ ዕዳውም ዓመታት ወስዷል።

"ይሸጥ፤ ግን መሪ በሬውን?"

"ምን መሪ አለው? ቪዬራ ራሱ ከጁቬንቱስ ጋር ሃይበሪ መጥቶ ፋብሪጋስ አላገባበትም? 2 ለ 0 አልሸኘነውም?"

ይህቺ ላይ ሁሌ ያስቸግረኛል፤ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የ18 ዓመቱ ፋብሪጋስ አንዷን አግብቶ ሌላዋን ለሄንሪ አቀብሏል፤ ቪዬራም ያን ቀን ሜዳ ላይ ነበር። ግን እኔ ሁለት ወር ወደፊት እሄድበታለሁ፤ ወደ ፓሪሱ ፍጻሜ። ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቷል፤ አርሰናል በአሥር ሰው ነው። ካምቤል በ37ኛው አግብቶ ባርሴሎናን 1 ለ 0 እየመሩ 76ኛው ደቂቃ ደርሰዋል። ልክ እንደ ኦልድ ትራፎርዱ ቀን፣ በጎደለ ሰው ጥርስ ነክሶ መያዝ ብቻ ነበር የቀረው። ኤቶ አገባ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቤሌቲ ጨመረና ዋንጫው ሄደ። በዚያ 14 ደቂቃ ያንን መሐል ሜዳ ይዞ ሊያሻግር የሚችለው ሰው ቱሪን ነበር።